ከዕድሜዬ የቀደመ ሽበት

የመጀመሪያዋን ነጭ ፀጉር ያገኙት አማቴ ናቸው። ጥምቀት ደርሶ ሹሩባ ሊሠሩኝ ደጃፍ ላይ አስቀምጠውኛል፤ እኔ መሬት ላይ፣ እሳቸው ከኋላዬ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው። አማቴ ፀጉር ሲሠሩ እጃቸውም አፋቸውም አያርፍም ነበር። የዚያን ቀን ግን ሁለቱም ባንድ ጊዜ ቆሙ። ምን ሆኑ ብዬ ልዞር ስል ራሴን በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው «ቀጥ በይ» አሉኝ። ወዲያው እንደ መርፌ ጠቅ ያለ ነገር ተሰማኝ። የነቀሉትን በጣታቸው ጠቅልለው ጣሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ምን ነበር ብላቸው «ገለባ ነው» አሉኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ቤታችን ከወረታ ወደ ጣና ወረድ ብሎ፣ ክረምት ርብ ሲሞላ ዙሪያው ውኃ፣ በጋ ሲሆን ደግሞ ዓይን እስኪታክት ሣርና ከብት በሚሆነው ሜዳ ላይ ነበር። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ ደጃቸው ላይ የደብሩን ልጆች ፊደልና ዳዊት ሲያስተምሩ፣ እኔ ጥጥ እየፈተልኩ ሰምቼ ከወንዶቹ ቀድሜ ያዝኩት። ባሌ ገበሬ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር፣ ሲስቅ ግን መላ ሰውነቱ የሚስቅ ሰው ነበር።

«ገለባው» በየወሩ በዛ። በሚቀጥለው ጥምቀት አማቴ መንቀሉን ተዉት። ሁለተኛ ልጄን ጡት ሳስጥል ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ እንደ ጥጥ ነጣሁ። ፊቴ ላይ አንዲት መስመር የለም፤ ጥርሴ ሙሉ ነው፤ እንስራ ሙሉ ውኃ አዝዬ ከወንዝ ስመለስ ትንፋሽ አያጥረኝም። ፀጉሬ ብቻ የአያቴ ሆነ።

ያልተሞከረ መድኃኒት የለም። ለጋ ቅቤ ተቀባሁ። አንዲት ጎረቤት የሰው ዓይን ነው ብላ በጭስ አጠነችኝ። አንድ ቀን ደግሞ እኔ ራሴ ብልጠት መጣልኝና፣ ለእጅና ለእግር የምንቀባውን እንሶስላ ቀጥቅጬ ፀጉሬን ቀባሁት፤ በጨርቅ ጠቅልዬም አደርኩ። ጧት ስፈታው የቀበሮ ጭራ መስሏል። ባሌ ሞፈር ተሸክሞ ሊወጣ ሲል አየኝ። ሞፈሩን አወረደ፣ ግድግዳውን ተደገፈ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ማልቀስ ስጀምር ግን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ በሬ ነጭ ነው ተብሎ ከቀንበር አይፈታም አለኝ። ከሱ አፍ ይህ ትልቅ የፍቅር ቃል ነው።

አባቴ ዘንድ ሄጄም አለቀስኩ። አባቴ ጥምጥማቸውን ሰው ፊት አያወርዱም፤ ራሳቸውንም ቶሎ ቶሎ ይላጩ ስለነበር ፀጉራቸው ምን መልክ እንዳለው እኛ ልጆቻቸው እንኳ አናውቅም። ያን ቀን ጥምጥማቸውን ፈትተው ጎንበስ አሉልኝ። ጥቂት ቀን ያልተላጨው ራሳቸው ነጭ የጤፍ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

«በሃያ አንድ ዓመቴ ነው የጀመረኝ» አሉኝ። «ዲያቆን ሆኜ ሽማግሌ ሲሉኝ አፈርኩና መላጨት ጀመርኩ። አንቺ መላጨት አትችዪም፤ እንግዲህ ተሸከሚው።»

አማቴ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ወደ ጣራ ገዳም ጠበል ወሰዱኝ። ይፋግ ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ዳገቱን በጧት ወጣን። ከጠበሉ ስወጣ ሻሼን አውልቄያለሁ፤ እርጥቡ ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ተዘርግቷል፤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ በብርዱ ጎብጬ ቆሜያለሁ። አንድ ሸምገል ያሉ መነኵሴ ባጠገባችን ሲያልፉ አይተውኝ ቆሙ። ዓይናቸው ደከም ያለ ይመስለኛል። ወደ አማቴ ዞረው፣ «ልጄ፣ እናትሽን ብርድ እንዳይመታቸው ጋቢ ደርቢላቸው እንጂ» አሏቸው።

አማቴ ያኔ ከአርባ ዓመት ቢያልፉ በጥቂት ነው፤ ፀጉራቸው የቁራ ክንፍ ይመስላል። ነገሩን ላቃና አፌን ስከፍት ክንዴን ቆነጠጡኝ። «እሺ አባቴ» አሉና የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው አለበሱኝ። መነኵሴው ከዛፍ ጥላ ሥር የነበረ መቀመጫ አስመጡልኝ፤ አንቱ እያሉ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ አማቴንም እናቷን የምታከብር ልጅ ዕድሜዋ ይረዝማል ብለው መረቋቸው።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ አማቴ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብለው ሳቁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከኔ ጋር ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ይፋግ ስንደርስ ለዘመዶቻችን አወሩ፤ ወረታ ላይ ላገኙት ሁሉ አወሩ፤ መንደር ገብተው ደግሞ ከቤት ቤት እየዞሩ «የምራቴ ልጅ ሆኜ መጣሁ» ይሉ ጀመር። መድኃኒት ፍለጋው በዚያው ቀረ። ሽበቴ ለአማቴ በሽታ መሆኑ አብቅቶ ጨዋታ ሆነላቸው፤ እኔም አማቴን መፍራቴ ቀረ።

በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ ባሌን ማረሻ እግሩን ቆረጠው። ወረታ ከመንገዱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ቁስል የሚያጥብና መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበር፤ ወጣት ልጅ ነው። በበቅሎ ጭኜ ወሰድኩት። ድሬሰሩ ገና በሩ ላይ ሲያየን ተነሥቶ፣ እናትህን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጣቸው አለው። ባሌ ሕመሙን እንደያዘ ሚስቴ ናት አለ። ልጁ በጣም አፈረ። ማፈሩን ለመሸሽ ይመስለኛል፣ ስለሚሠራው ነገር ሁሉ ያብራራልን ጀመር። ከአንድ ጥቁር ጠርሙስ ውኃ የመሰለ ነገር ቁስሉ ላይ ሲያፈስ፣ እንደሚገነፍል ጠላ ነጭ አረፋ ፈላ። በትልልቅ ከተማ ያሉ አንዳንድ ሴቶች ይህን መድኃኒት ፀጉራቸውን ለማቅላት ይቀቡታል አለን። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ አንቺን ግን ማን ቀባሽ አለኝ። እግዜር አልኩት።

ያ ልጅ በቀልድ የተናገረው እውነት መሆኑን ያወቅሁት አሁን በእርጅናዬ ነው። የልጅ ልጄ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ይህን ታሪክ ሳጫውታት ሥራዋን ትታ አጠገቤ ተቀመጠችና ጉዳዩን አስረዳችኝ። ሰውነታችን የምንበላውን ምግብ በምንተነፍሰው አየር ያቃጥላል፤ ኦክስጅን የሚሉት ማለት ነው። እሳት ካለ ጭስ እንደማይቀር ሁሉ ከዚያም የሚተርፍ ነገር አለ። ከትርፉ አንዱ ያ ጠርሙስ ውስጥ የነበረው መድኃኒት ነው፤ ሰውነት ራሱ በጥቂት በጥቂቱ ይሠራዋል፤ የፀጉር ሥር ውስጥም ይጠራቀማል። ጠባቂ ፕሮቲን ደግሞ አለ፤ ያን ነገር እየሰባበረ ውኃና አየር ያደርገዋል። በባሌ ቁስል ላይ ያየሁት አረፋ የዚያ ጠባቂ ሥራ ነበር አለችኝ። ጠባቂው ሲደክም ግን የተጠራቀመው ነገር ፀጉርን የሚያጠቁረውን ፕሮቲን ልክ ዝገት ብረትን እንደሚበላው ይበላዋል። ያ አጥቋሪ ፕሮቲን ሥራውን ሲያቆም ፀጉሩ ሳይቀለም ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ታዲያ ፀጉር ብቻ ነው ወይ የሚዝገው ብዬ ጠየቅኋት። አይደለም አለች። በመላ ሰውነታችን ያሉ ፕሮቲኖች ከልጅነት ጀምሮ እንዲሁ ይነካሉ፤ ሰውነት የተበላሸውን እየጣለ አዲስ ይተካል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ጥገናው ጉዳቱን መቅደም ያቅተዋል። ከዓይን ብሌን ኋላ ባለው ሌንስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ደግሞ ከነጭራሹ አይተካም፤ በእናታችን ማሕፀን የተሠራው ነው እስከ መጨረሻው የሚያገለግለን፤ ለዚህ ነው ሽማግሌን ሞራ የሚጋርደው። እርጅና የሚባለው ግን ይህ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሌላም ብዙ ምክንያት እንዳለው፣ አዋቂዎቹም ገና ተከራክረው እንዳልጨረሱት ነገረችኝ። ያንቺ ጠባቂ የፀጉርሽን በር ቀድሞ ለቀቀ እንጂ ሌላውን በር በደንብ ጠብቆልሻል፤ ይህን ደግሞ ከአባትሽ ነው የወረስሽው አለችና ሳመችኝ። እኔ ሳስበው ፀጉሬ አርባ ዓመት ቀድሞኝ መንገድ ሄዶ፣ ከወንዙ ማዶ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

ያኔ ግን ይህን ማንም አያውቅም፤ ሰው የሚያውቀው ሽበት መከበር እንዳለበት ብቻ ነው። ይህም አንድ ቀን ጉድ ውስጥ ከተተኝ።

የባሌ እግር በዳነ በዓመቱ፣ ሰኔ መጨረሻ፣ ከአማቴ ጋር ወረታ ገበያ ጨው ልንገዛ ሄድን። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሆዴ ገና አልታወቀም። ሲያካፋ ስለዋለ እስካፍንጫዬ ድረስ በጋቢ ተጠቅልያለሁ፤ ብርድ መትቶኝ ድምፄም ዘግቷል። ከከብት ተራው በኩል ጩኸት ሰምተን ስንጠጋ ሁለት ሰዎች አንድ በሬ ከፊትና ከኋላ ይዘው ይጓተታሉ። አንደኛው ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሌላው ገና ጎልማሳ። ጎልማሳው ዱላውን ከፍ አድርጓል። ሰው ከቧቸዋል፤ የሚገላግል ግን የለም።

አማቴ ወገቤን ነካ አደረጉኝ።

«ግቢ» አሉኝ። «ሽበትሽ ዛሬ ካልሠራ መቼ ሊሠራ ነው?»

እምቢ ከማለቴ በፊት ሻሼን ከራሴ ሳብ አድርገው ሕዝቡን ገፋ ገፋ አደረጉና፣ «መንገድ ልቀቁ፤ እናቴ ሊናገሩ ነው» አሉ።

ሰዉ ተከፈለ። መሐል ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ከፍርሃት የተነሣ ቀስ ብዬ ተራመድኩ፤ እነሱ እርጅና መስሏቸዋል። ሁለቱም ሰዎች ሽበቴን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ፤ በኛ አገር ትልቅ ሰውን ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው። ጎልማሳው ዱላውን ሳላዘው አወረደ። አባቴ ሰው ሲያስታርቁ እንደሚያደርጉት መሐላቸው ገብቼ ቆምኩ። ከዚያ በተዘጋው ድምፄ፣ አንተም ገመዱን ልቀቅ፣ አንተም ወደኋላ በል፣ በየተራ ንገሩኝ አልኳቸው። አባቴ የሚሆን ሰው አንተ ስል ምላሴ ሊታሰር ነበር።

በየተራ ነገሩኝ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስላላቸው ተቀናጅተው ነው የሚያርሱት። የጎልማሳው ወይፈን ነው፤ ቀንበር ከለመደ ገና ሁለተኛ ዓመቱ። የትልቁ ሰው ያረጀ በሬ ነው፤ እጁ ላይ ተወልዶ፣ ወተት በእጁ አጠጥቶ ያሳደገው። በዚያ ሳምንት ሲያርሱ ጎልማሳው ትዕግሥት አጥቶ፣ ይህ ሽማግሌ በሬህ ወይፈኔን እያዘገየ የሰው መሳቂያ አደረገን ብሎ ሰደበ። ትልቁ ሰው በማግስቱ በሬውን እየነዳ ሊሸጠው ገበያ መጣ። ጎልማሳው ይህን ሲሰማ ሮጦ ደረሰ፤ በሬው ከተሸጠ እሱም ክረምቱን ሳያርስ መቅረቱ ነው። አንዱ የተናደደው ስለተሰደበ፣ ሌላው የተናደደው ስለፈራ ነበር።

በሬውን አየሁት። ዓይኑ ዳር ሽበት አለው። ቀንበር የበላው ማጅራቱ ጠጉር የለውም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ጭቃው ላይ ቆሞ ያመሰኳል።

ጎልማሳውን ወይፈንህ ፈር ይዞ መሄድ ከማን ተማረ አልኩት። በእግሩ ጭቃውን ይጭር ጀመር። ደግሜ ጠየቅሁት።

«ከሱ» አለ፣ በሬውን በአገጩ እያመለከተ።

«እንግዲህ የኔታው ነው። የኔታዬ ዘገዩ ብሎ ለገበያ የሚያስወጣቸው ተማሪ አላየሁም» አልኩት።

ሰዉ ሳቀ። ጎልማሳው ራሱ መሳቅ አምሮት ከንፈሩን ነከሰ። ፍርዴን ቀጠልኩ። እርሻው እስኪያልቅ በጧት ብቻ ይታረስ፤ ፀሐይ ሲበረታ አሮጌውም ወይፈኑም ይፈቱ። ጎልማሳው ስለ ስድቡ በየቀኑ አንድ ሸክም ሣር ያምጣለት። ትልቁ ሰው ደግሞ በንዴት በሬ አይሽጥ፤ መሸጥ ካሰበ እርሻ ካለቀ በኋላ በሰከነ ልቡ ያስብበት። ትልቁ ሰው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጉልበቴን ሳመና ዕድሜዎን ያርዝመው ብሎ መረቀኝ። ሁለቱም መንደራችንን ጠየቁ። እኔ ልደብቅ ስል አማቴ ከነጎጡ ነገሯቸው።

ቤት ስገባ ፀፀት ያዘኝ። አርጅቻለሁ ብዬ አልዋሸሁም፤ ግን ሳልናገር ዋሽቻለሁ። ሰዎቹ እውነቱን ቢያውቁ ዕርቁ የሚፈርስ ይመስለኝ ነበር። ክረምቱን ሁሉ ገበያ ሳልሄድ ቀረሁ።

ኅዳር ሲያልቅ ሦስተኛ ልጄን፣ ወንድ ልጅ ወለድኩ። በአሥረኛው ቀን አራስ ተኝቼ ከውጭ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። ባሌ በሩ ላይ ነበር።

የሽበታሟ እናት ቤት ይህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ እንግዳው። ባሌ ነው አለ። ደኅና ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ደኅና ናት» አለ ባሌ። «ወልዳ ተኝታለች።»

በበሩ ክፍተት አጮልቄ ሳይ ገበያ ላይ ያስታረቅኳቸው ሁለቱ ሰዎች ናቸው። ቀጥሎ ትልቁ ሰው ቀስ ብሎ «እንደ ሣራ» ሲል ሰማሁ፤ ጎንበስ ብሎም መቃኑን ሳመ። ባሌ ጉዳዩን አስረዳለሁ ብሎ ጀመረ፤ ግን ሳቁ ቀደመውና መናገር አቃተው። እኔም ብርድ ልብስ አፌ ላይ ይዤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። አማቴ ከጓሮ ደረሱና፣ ከጣራ ገዳሙ መነኵሴ ጀምረው አንድ ሳይቀር ነገሯቸው።

ሁለቱ ሰዎች ገቡ። ለጥርስ አያስቸግርም ብለው አንድ ቅል ማር ይዘውልኝ መጥተዋል። ትልቁ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ትኩር ብሎ አየኝ።

«የኔ የመጀመሪያ ልጅ ካንቱ ሳትበልጥ አትቀርም» አለ።

ይቅር ይበሉኝ አልኩት፤ ፍርዱን ካልፈለጉት ይተዉት አልኩት።

ወደ ጎልማሳው ዞረ፤ ከዚያ ወደኔ። «በሬው ሐምሌን አረሰ፤ ነሐሴን አረሰ፤ ሣሩንም በላ» አለ። «አሁን ምኑን ልመልሰው?»

ጎልማሳው በሣሩ ሸክም ትከሻው መላጡን ተናገረና ሁላችንም ሳቅን። ወይፈኑ ራሱ ዕረፍቱን ለምዶ፣ ፀሐይ ሲበረታ ፍቱኝ እያለ አስቸግሯል አለ። ከዚያ ትልቁ ሰው አንቺ ልበል ወይስ አንቱ ብሎ ጠየቀኝ። አንቺ በሉኝ አልኩ። ሁለት ጊዜ ሞከረና አልሆነለትም፤ አንቺ ልል ስል አፌ ራሱ ወደ አንቱ ይሄዳል አለ። ሕፃኑን አንሥቶ ታቀፈው። የክርስትና አባት አግኝቶ እንደሆነ ባሌን ጠየቀው። ባሌ አላገኘም አለ። በዚሁ ተዋወቅን፤ አበልጅ ሆንን። በሬውንም አልሸጠውም፤ ሁለት ክረምት አሳርሶት፣ በኋላ ከጥጆች ጋር ሜዳ ለቀቀው።

በአርባኛው ቀን፣ ጥር ገብቶ፣ ጎሕ ሲቀድ ልጁን ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው። ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ነበርና ከፊታችን የሚሄደው ሰው ከወገቡ በታች አይታይም። አባቴ ካጥማቂዎቹ አንዱ ነበሩ። ልጁ ውኃው ሲነካው ያወጣው ድምፅ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው፤ የክርስትና አባቱ በነጠላ ተቀብሎት እያባበለ ሲያወጣው ራሱም ያለቅስ ነበር።

ቤት ስንመለስ ጎልማሳው ከሚስቱ ጋር አንድ ሸክም የሽምብራ እሸት ይዞ ደረሰ። ልጆች እሸቱን ተሻምተው ደጁን ገለባ በገለባ አደረጉት። አባቴና የክርስትና አባቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በዕድሜ እኩያ መሆናቸውን ደረሱበት፤ ባንድ ክረምት ነው የተወለዱት፤ ከዚያ በኋላ ከጎናቸው የሚያነሣቸው ጠፋ። አማቴ ከበሮ ይዘው ተነሡ። ባሌ የማይናገረው ሰው ዘፈን አወጣ፤ መንደሩ ተቀበለው። እኔ እንግዳ ማስተናገድ ሲገባኝ አማቴ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ፤ አራስ ነሽ፣ ተኚ፣ ዛሬ እኔ አለሁ አሉኝ። ልጁን ከጎኔ አድርጌ ጋደም አልኩ። ጡቴን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። ከውጭ የአማቴ እልልታ፣ የከበሮው ድምፅ፣ የባሌ ዘፈን ይሰማኛል፤ ግጥሙን አሁን አላስታውሰውም፤ እያዳመጥኩ ሳለሁ እኔንም እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።